ሳልፈተን የመሰከርኩት

ያን እሁድ ከቸርች ለመቅረት ያላሰብኩት ሰበብ አልነበረም። ሆዴን አመመኝ ልበል? ልብሴ አልደረቀም? ዝናቡ ደግሞ እኛ ሚዛን ከተማ ሰበብ አይሆንም፤ ሁሌም ይዘንባል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ በስልክ መጥቶ ነበር፤ ወድቄያለሁ። መውደቁስ ባልከፋ፣ ስንቱ ወድቋል። እኔ ግን እንደማልፍ ገና ሳልፈተን በማይክ መስክሬያለሁ።

እኛ ዘንድ «በእምነት መመስከር» የሚባል ነገር አለ። የለመንሽውን እንዳገኘሽ ቆጥረሽ ቀድመሽ ታመሰግኛለሽ። ሰባኪው ከትንቢተ ዘካርያስ፣ በዘሩባቤል ፊት ሜዳ ስለሚሆነው ታላቅ ተራራ ሰበከና «ተራራችሁን ተናገሩት!» አለ። ወጣሁ። ፈተናውን «ሜዳ ሁን! አልፌሃለሁ!» ብዬ ጮህኩበት። እልልታው ጣሪያውን አናጋው። በማግስቱ እናቴ ካለፈው ለቀማ ያስቀረችውን አንድ ጆንያ ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ቡና ተሸክማ ወስዳ ለምስጋና ሰጠች።

ውጤቱን ስነግራት ከማሳ መመለሷ ነበር።

«ጆንያውን መልሱልን ልበላቸው?» አልኳት፤ አፌ መቼ ያርፋል።

«ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን? አብደሻል እንዴ!» ቅርጫቱን አስቀመጠች። «ይልቅ እሁድ ወጥተሽ ተናገሪ። ሰው አንቺን ዩኒቨርሲቲ ለመሸኘት ሳሙና እየገዛ ነው።»

እውነቷን ነው። ጎረቤታችን በአጥር በኩል «እህሳ፣ የት ደረሰሽ? ጎንደር ከሆነ ጋቢ ያዢ፣ ብርድ ነው!» ስትለኝ «እሺ» ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

ቅዳሜ ያንን የዘካርያስ ምዕራፍ በንዴት ገለጥኩት፤ እግዚአብሔር የዋሸበትን ቦታ ላገኝ። ጥቅሷን በቃሌ አውቃታለሁ፤ ምዕራፉን ግን ከዳር እስከ ዳር አንብቤው አላውቅም። ዘሩባቤልን ተራራ ላይ ሲጮህ አላገኘሁትም። የፈረሰ ቤተ መቅደስ መልሶ የሚሠራ ሰው ነው። መሠረቱን የጣለው በእጁ፣ የሚጨርሰውም በእጁ፤ የግንቡን መቅናት የሚያይበት ቱምቢ ይዟል። ተራራውን የሚናገረው እግዚአብሔር ነው። «በመንፈሴ እንጂ በኃይልና በብርታት አይደለም» የተባለውም ሥራ ላይ እያለ ጉልበት ላነሰው ሰው ነው።

እኔስ? ከዚያ ምስክርነት በኋላ የሒሳብ ደብተሬን መች በቅጡ ገለጥኩ? አልፌያለሁ ብያለሁ፣ ያለፈ ሰው ያጠናል? እናቴን ጆንያው ስር ጎንበስ ብላ በሐሳቤ አየኋት። እስከ ጆሮዬ ጋለኝ። መጽሐፉን ብከድነውም አልቀዘቀዘልኝም።

እሁድ ማይኩን ያዝኩ። እኛ ቸርች በአማርኛ የተባለውን ሁሉ አንድ ሽማግሌ ወደ ቤንችኛ ይተረጉማሉ።

«ወድቄያለሁ» አልኩ።

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩኝ። «እንዲሁ ልበለው፣ ልጄ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«እንዲሁ ይበሉት፣ አባባ።»

አሉት። እዚያው ቆሜ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ጎረቤታችን ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ሳላጠና ነው» አልኩ። «አልፌያለሁ ካልኩ በኋላ … አላጠናሁም።» ማይኩን ሳላውቀው ከአፌ አራቅሁት።

እናቴ ከመሃል ወንበር ተነሳች።

«ጮክ በይ! ከኋላ አይሰማም። ያን ጊዜ ጮኸሽ አልነበር?»

ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁና ደገምኩት። አባባም ደገሙት።