ከዴኩ ያልወጣው ካሴት

ኮብልስቶን ላይ ሻንጣ የሚጎትት መንገደኛ በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር፣ የጎማው መንኳኳት መሳለሚያ ወደነበረችው አንዲት ክፍል ቤታችን ይመልሰኛል። እማዬን ለመመለስ የታገልንበት ዓመት ድምፁ እንዲህ ነበር።

ክረምት ላይ ታናሽ ወንድሜ ክርስትና ሳይነሳ ሞተብን። እማዬ ከቀብሩ በኋላ ማልቀስም መናገርም ትታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትውል ነበር፤ ለምነን ለምነን ሁለት ጉርሻ ከቀመሰች ትልቅ ነገር ነው። ጎረቤቶች ጠበል ወሰዷት፤ ለውጥ ሲጠፋ «አማኑኤል ብትታይ ይሻላል» ማለት ጀመሩ። አባዬ «ያበደችው» የሚል ስም እንዳይወጣላት ይፈራ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከወሰዷት አትመለስም ብዬ እፈራ ነበር።

ጥቅምት ሲገባ አባዬ አሮጌ የቪዲዮ ዴክ ተሸክሞ መጣ። የሚሠራው ምናለሽ ተራ፣ ሰው የጣለው ዕቃ ተፈትቶ፣ ተጠጋግኖ በሚሸጥበት ቦታ ነበር፤ እጁ የማይጠግነው ነገር የለም ይባልለት ነበር። ዴኩ ውስጥ አንድ ካሴት ተቀርቅሮ አልወጣ ስላለ በርካሽ ነው የሰጡት፤ አባዬም ክሩ እንዳይበጠስ ፈርቶ አልነካውም። ስለዚህ በቤታችን ያለን ፊልም እሱ ብቻ ነበር፦ ፀጉራቸውን ያስረዘሙ፣ ቁምጣቸው ከማጠሩ የተነሣ የሚያሳፍር ቀጫጭን ጎረምሶች፣ ጎማ በተገጠመለት ጣውላ ላይ ቆመው፣ ጎማው እየተንኳኳ፣ ባዶ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል የሚንሸራተቱበት ያረጀ ፊልም። ታሪክ የሚባል ነገር የለውም። ገንዳው ለምን ባዶ እንደሆነ ስጠይቅ አባዬ «እዚያም ውሃ በፈረቃ ነዋ!» አለኝ፣ እኔም አመንኩት።

ከጎረምሶቹ አንዱ ሁልጊዜ ይወድቅ ነበር። ይነሳና፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ፣ ደግሞ ይወድቃል። አንድ ቀን ሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ ከኋላችን «ምነው፣ ይሄ ልጅ እናት የለውም እንዴ?» የሚል ድምፅ ሰማን። ዞር ስንል እማዬ ትስቃለች። አባዬ ምንም እንዳልሰማ ሰው ወደ ቴሌቪዥኑ ተመልሶ ዓይኑን ጠረገ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እናሳያት ጀመር። እየሳቀች ትበላ ነበር፣ አንዳንዴም ፀጉሬን ትሠራልኝ ነበር። ነገር ግን በጋው ሲጋመስ፣ ከመደጋገሙ ብዛት ምስሉ እየተበላሸ ሄዶ ልጁ በነጭ ነጠብጣብ ተሸፈነ፤ እማዬም መሳቋን ትታ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ እያለች ትፈልገው ጀመር። አባዬ ጨነቀውና ውስጡን በኮሎኝ ሊጠርግ ዴኩን ፈታው። ካሴቱን ሲስበው፣ ቡናማው ክር ተጠምዝዞ ብጥስጥሱ ወጣ። እማዬ አየችውና ተመልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ አልተነሳችም። አንድ እሁድ አባዬ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ የምንቀመጥበት ዱካ ላይ ወጣ። ያ ኮስታራ አባቴ፣ ሰፈሩ «ጋሼ» ብሎ የሚነሳለት ሰው፣ እጆቹን ዘርግቶ ተንገዳገደና ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ተነሳ፣ እጅ ነሳ፣ ደግሞ ወደቀ። የሳቀ የለም። አምስቴ፣ ስድስቴ ወደቀ፤ ክርኑ ደማ፤ «አባዬ፣ በቃ!» ብዬ እግሩን ብይዘው ገፋ አድርጎኝ ተመልሶ ዱካው ላይ ወጣ።

«ስንዱ፣ እባክሽ እዪኝ» ይላት ነበር እማዬን፣ «አንዴ ብቻ እዪኝ።»

እማዬ ዞረች። አልሳቀችም፤ ልጇ ከሞተ ጀምሮ ያላለቀሰችውን ልቅሶ፣ ጎረቤት በር እስኪያንኳኳ ድረስ እየጮኸች አለቀሰች። በማግስቱ ተነስታ ፊቷን ታጠበች።

አሁን አባዬ የለም። እማዬ አርጅታለች፣ ዝምታዋም ተመልሶባታል፤ ሐኪም ዘንድ ለመውሰድ እንደ ድሮው ባንፈራም፣ መድኃኒቱ ብዙም አልረዳትም። ያኔ ያለን አንድ የተቀረቀረ ካሴት ነበር፤ ዛሬ የፈለግሁት ሁሉ ስልኬ ላይ አለ። ባለፈው ጨንቆኝ ያንኑ ፊልም ፈልጌ አገኘሁትና አሳየኋት፤ ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ልጁም እንደዚያው ይወድቃል፣ ይነሳል። እስከ መጨረሻው አይታ ስልኩን መለሰችልኝ።

«አባትሽ ይሻል ነበር» አለችኝ።