የሲሚንቶ ወረቀት የለበሰው መጽሐፍ

ነጋሳ ዱባይ ሲገባ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሻንጣው ውስጥ ከልብሱ ይልቅ ሰፊውን ቦታ የያዙት አባቱ ሲሞቱ የወረሳቸው ሰባት መጻሕፍት ነበሩ።

አባቱ አምቦ አጠገብ ባለች የገጠር ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበሩ። ቤት ውስጥ የሚነገረው ኦሮምኛ፣ መጻሕፍቱ ግን አማርኛ። ማታ ማታ ራት እስኪቀርብ ልጆቻቸውን ይሰበስቡና አንድ ገጽ ያነባሉ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ያነበቡትን በኦሮምኛ ይተርኩላቸዋል። ነጋሳም፣ ታላቅ እህቱ አስናቀችም ሁለቱን ቋንቋ ያጣመሩት በዚህ መንገድ ነው። ከሰባቱ መጻሕፍት የአንዱ ሽፋንና የመጀመሪያ ገጾች ተገንጥለው ጠፍተው ነበር። አባትየው በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ለበጡት። ርእሱን የሚያውቅ ስለሌለ ቤተሰቡ «የሲሚንቶው መጽሐፍ» ይለው ነበር። ታሪኩ ቆላ ተመድቦ ሄዶ ደብዛው ስለጠፋ አስተማሪና እሱን ፍለጋ ከቤት ስለወጣች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ነው። ነጋሳ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ይህንን ነበር። አድጎ ራሱ ማንበብ ሲችል እንኳ ደግሞ አላነበበውም፤ በአባቱ ድምፅ እንደሰማው እንዲቀርለት ፈልጎ።

ዱባይ ውስጥ ቀን ቀን በአንድ መጋዘን ዕቃ ይጭናል፤ ሐሙስና ዓርብ ዲራ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ኪቦርድ ይጫወታል። ድምፃዊው ታሪኩ የሚባል የባሕር ዳር ልጅ ነበር። ቢድ ስፔስ በሚባለው፣ አልጋ ብቻ በሚከራይበትና ስድስት ሰው በተጨናነቀበት ክፍል ውስጥ ነጋሳ ከታች፣ ታሪኩ ከላይ ባለው አልጋ ይተኛሉ። ታሪኩ ለእናቱ አንድ ዘፈን ደርሶ ነበር። ዜማውን ሁለቱ አብረው አበጁት። ምግብ ቤት ውስጥ አልዘፈነውም፤ አልቀዳውምም። «መጀመሪያ እሷ ፊት ነው የምዘፍነው» ይል ነበር።

አንድ ቀን ሐታ በሚባለው ተራራማ መንደር ውስጥ ለተዘጋጀ የሐበሾች ሽርሽር ተጋብዘው ተጫወቱ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ አውራ ጎዳናው ላይ የመኪናው ጎማ ፈነዳ። ታሪኩ እዚያው አረፈ። ነጋሳ እግሩና ሦስት የጎን አጥንቶቹ ተሰብረው ሆስፒታል ገባ።

እዚያ በተኛባቸው አምስት ሳምንታት ወንጌል አማኞች እየመጡ ይጠይቁት ነበር። ከመካከላቸው ሐመልማል የምትባል ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ስለ ኃጢአትም ስለ ገነትም አላወራችውም። ብርቱካን ትልጥለታለች፤ ስትሄድ አጭር ጸሎት ትጸልያለች። ነጋሳ ከሆስፒታል ሲወጣ እያነከሰ ተከትሏቸው ወደሚሰበሰቡበት የኪራይ አዳራሽ ሄደ፤ ጌታንም ተቀበለ።

ያመነ ሰሞን ኪቦርዱን ለሚፈልግ ሰጠ። ካሴቶቹንና ሰባቱን መጻሕፍት ደግሞ በካርቶን አጭቆ ከሕንፃው ጀርባ ያለ ትልቅ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣላቸው። ማንም አላዘዘውም። ፓስተሩ ስለ መጽሐፍ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም። ነጋሳ ግን ታሪኩ ሞቶ እሱ የተረፈው በከንቱ እንዳይሆን ፈራ። የድሮ ኑሮውን በሙሉ ካልጣለ ተመልሶ የሚውጠው መሰለው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሐመልማልን አገባ። ዛሬ ከዱባይ ብዙም በማትርቀው አጅማን ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ቤት ይኖራሉ። እሱ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፤ እሷ በየቀኑ ዱባይ፣ አል ዋርቃ ሰፈር እየሄደች የማዳሟን አሮጊት እናት ትንከባከባለች። ሳሮንና ኢዮብ የሚባሉ ሁለት ልጆች አሏቸው። ቤታቸው የመዝሙር ቤት ነው። ዘፈን አይሰማበትም። ከመጽሐፍ ቅዱስ በቀር የአማርኛ መጽሐፍ አልነበረበትም።

ሳሮን አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ጊዜ ከትምህርት ቤት የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ወላጆች በልጅነታቸው የወደዱትን አንድ መጽሐፍ ይዞ መቅረብና ስለ እሱ መናገር ነበር።

«ባባ፣ አንተ ምን ነበር የምትወደው?»

«መጽሐፍ ቅዱስ አለልሽ።»

«እሱንማ ክርስቲያኖቹ ሁሉ ይዘው ይመጣሉ። የእኔን ዕድሜ እያለህ ነው የምልህ።»

ነጋሳ የኢዮብን የጫማ ክር እየፈታ ነበር፤ እጁ ቆመ። «አንድ ነበረኝ። ጠፋ» አላት።

«እንዴት ጠፋ?»

«ጠፋ አልኩሽ። ኸላስ፣ አለቀ።»

ሳሮን ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ተውሳ «አባቴ የሚወደው» ብላ አቀረበች። ይህንን ለእናቷ ስትነግር ነጋሳ ሰማ። ልጁ በእሱ ምክንያት ክፍል ፊት ቆማ መዋሸቷ ከበደው። የሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ ሲመለሱ፣ ሻርጃ አካባቢ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው እንደቆመ፣ በመስተዋቱ ሳሮንን አያት።

«ሳሮን፣ መጽሐፉ አልጠፋም። እኔ ነኝ የጣልኩት» አላት።

«የት?»

«ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ። ሌሎቹንም። ሰባት ነበሩ። የአባቴ ነበሩ።»

«የአያቴን መጽሐፍ?»

«አዎ።»

ሐመልማል ዞር ብላ አየችው። ኪቦርዱን መተዉን ታውቃለች፤ የመጻሕፍቱን ነገር ግን ነግሯት አያውቅም። «ለምን?» ብላ ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ፈርቼ ነበር» አለ።

አጅማን ደረሱ። ሳሮን ከመኪና ስትወርድ በሩን ሳትዘጋ ቆመችና፣ «የመጽሐፉን ታሪክ ግን ታስታውሰዋለህ?» አለችው።

መተረክ የጀመረው በማግስቱ ነው። ከሥራ ሲመለስ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ልጆቹን ይዞ ወደ አጅማን ባሕር ዳርቻ ይወርዳል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ አስተማሪውና ስለ ልጁ ይተርክላቸዋል። የኢዮብ አማርኛ ደካማ ነበርና ዐረፍተ ነገሩን ጨርሶ ወደ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ይመልስለታል። አንድ ቀን እንዲህ እያደረገ ሳለ የአባቱ ልማድ መሆኑ ድንገት ታወቀውና ንግግሩን አቋረጠ።

«ምን ሆንክ?» አለው ኢዮብ።

«አባቴን አስታውሼ ነው» ብሎ ቀጠለ።

ሳሮን የሰማችውን ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር። ደብተሩን ሲያየው አማርኛው በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። ማንበብ እንጂ መጻፍ አታውቅም፤ ማንበቡም ከመዝሙር ስላይድ የለቀመችው ነው። ከዚያ ወዲያ ግማሹ ጊዜ ለትረካ፣ ግማሹ ለፊደል ሆነ። ሳሮንን የሞክሼ ፊደላቱ ነገር ያናድዳት ነበር። «አንድ ድምፅ ከሆነ ሦስት ‹ሀ› ለምን አስፈለገ?» ትለዋለች። «አባቴ ቢኖር ይመልስልሽ ነበር» ይላታል።

የዚያ አገር ቀዝቃዛ ወራት እንዲህ አለፉ። ወደ መጋቢት ገደማ ትረካው አለቀ። ልጅቱ ከብዙ መንከራተት በኋላ ቆላ ከተማ ትደርሳለች፤ አስተማሪው ታሞ ተኝቶ ያገግማል፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ደጋ ይመለሳሉ። ኢዮብ አጨበጨበ። ሳሮን ጽፋ ጨረሰች፤ አክስቷ አስናቀችም እንድትሰማው ፈለገች።

አስናቀች አምቦ ውስጥ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ነጋሳ ቅዳሜ ጠዋት ደወለላት። ሳሮን የመጨረሻውን ምዕራፍ እየተንተባተበች አነበበችላት። አስናቀች እስከ መጨረሻው ሰማች። «ጎበዝ የኔ ልጅ፣ እንዴት ያለ ጽሑፍ ነው! አሁን ስልኩን ለአባትሽ ስጪው» አለች።

ነጋሳ ስልኩን ይዞ ወደ ማድቤት ገባ።

«ነጋሳ፣ የመጽሐፉ መጨረሻ ይሄ አይደለም» አለችው።

«እንዴት አይደለም እታለም? አባዬ ሲያነቡልን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ሰምተሃል። ግን አባዬ ናቸው የለወጡት። ልጅቱ ስትደርስ አባቷ ከሞተ ስድስት ወር አልፎት ነበር። መቃብሩን ነው ያገኘችው። እኔ በኋላ ደብቄ አንብቤዋለሁ።»

«ለምን ለወጡት?»

«እማዬ የሞተችበት ዓመት ነበር እኮ። አንተ ስድስት ዓመትህ ነው። በየቀኑ በር ላይ ቁጭ ብለህ ትጠብቃት ነበር። እኛ ቤት ውስጥ በዚያ ዓመት ማን ሞት ያነብልሃል?»

ነጋሳ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ማድቤት ቆሞ ቀረ። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። አባቱ ያንን ገጽ እንዴት አልፈውት እንደሄዱ ለማስታወስ ሞከረ፤ ድምፃቸው ተቆርጦ እንደሆነ፣ መነጽራቸውን አውልቀው እንደሆነ። ምንም አልታወሰውም። እንዳይታወቅበት አድርገው ነበር ያነበቡት። ያንን ገጽ ነው እሱ ሳይገልጠው ገንዳ ውስጥ የጣለው። ሐመልማል ልትጠራው ገብታ ፊቱ በእንባ መራሱን አየች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችና አጠገቡ ቆመች።

አንድ ጊዜ ዋሽቷቸዋል፤ ሁለተኛ ሊደግመው አልፈለገም። ልጆቹን ጠርቶ አክስታቸው ያለችውን ሁሉ ነገራቸው።

ኢዮብ፣ «አይሆንም! ተመልሷል። አንተ ተመልሷል ብለሃል!» ብሎ ተነስቶ ሄደ። ለሁለት ቀን አኮረፈ።

ሳሮን ግን ደብተሩን ገለጠች። «አንተ የትኛውን ትወዳለህ?» አለችው።

«እኔ አባቴ ያሉትን።»

«እኔ የሞተበትን ነው የምጽፈው» አለች። «የመጽሐፉ እሱ ከሆነ።»

ነጋሳ ከፋው፤ ግን አልከለከላትም። አስናቀች በስልክ እየነገረቻት ሳሮን የመጨረሻውን ምዕራፍ እንደገና ጻፈች።

በዚያው ዓመት ልጆቹ ሐታ ግድቡ ላይ በጀልባ የተነሱ የክፍል ጓደኞቻቸውን ፎቶ አይተው እንሂድ ብለው ለመኑ። ነጋሳ ከአደጋው ወዲህ በዚያ መንገድ አልሄደም ነበር። በተጠየቀ ቁጥር «ሹግል፣ ሥራ አለብኝ» ይላል። በዚህ ጊዜ ግን «እሺ» አለ። ሐመልማል ምክንያቱን ስለምታውቅ፣ «ካልቻልክ ከጎረቤት ጋር ይሂዱ» አለችው። «እኔው እወስዳቸዋለሁ» አላት።

ተራሮቹ ብቅ ማለት ሲጀምሩ ከመንገዱ ወጥቶ ነዳጅ ማደያ ግቢ ውስጥ መኪናውን አቆመ። መሪውን እንደያዘ ስለ ታሪኩ ነገራቸው፤ ስለ ላይኛው አልጋ፣ ስለ ፈነዳው ጎማ፣ ስለ ዘፈኑም። ሳሮን፣ «ዘፈኑ የት አለ?» አለችው።

«የትም የለም። እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው።»

«አንተ ከሞትክስ?»

ነጋሳ ሐመልማልን አያት። እሷ ከመስኮቱ ውጭ ታያለች። ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቃል ጠፋበትና በማንጎራጎር አለፈው። ዘፈኑ እናቱ በር ላይ ስለምትጠብቀው ልጅ ነበር፤ ልጁ ባዶ እጁን ቢመጣ እንደምትደሰት። ሲጨርስ ሳሮን ስልኳን ከጉልበቷ ላይ አነሳች። ቀድታው ነበር።

«እናቱ ሰምታዋለች?» አለ ኢዮብ።

«አልሰማችም።»

«ታዲያ ላክላት።»

ነጋሳ ይህንን በዚያ ሁሉ ዓመት አስቦት አያውቅም። ግድቡን አይተው፣ ልጆቹ ጀልባ ላይ ወጥተው ተመለሱ። ሐመልማል ቤት ከደረሱ በኋላ ነው የተናገረችው።

«ዘፈን እንደማልወድ ታውቃለህ። ልጆቹ ፊት ባይደገም ደስ ይለኛል። ለሴትየዋ ግን ይድረሳት።»

ሟቹን ታሪኩን የሚያውቅ አንድ የባሕር ዳር ሰው ዲራ ውስጥ ተገኘና በእሱ በኩል ዘፈኑ ተላከ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። እናቲቱ በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። የልጅ ልጃቸው የቀዳችው የድምፅ መልእክት ነው። «ድምፁ የአንተ ነው፤ አነጋገሩ ግን የልጄ ነው። አወቅሁት። እግዚአብሔር ልጆችህን ያሳድግልህ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ለቅሶ ብቻ ነው። ነጋሳ አንድ ጊዜ ሰማው፤ ሁለተኛ ሊሰማው አልቻለም።

ሳሮን አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሲገኝ የአማርኛ መጽሐፍ ታስመጣለች፤ አባቷ ቀድሞ ካነበበባት ትቆጣለች። ከምትመርጣቸው አንዳንዶቹ ያስደነግጡታል። ሐመልማል በየገጹ ምን እንዳለ ትጠይቀዋለች፤ እሱም አይደብቃትም። በቀደም ከአውቶቡስ ሥራ ሲገባ ሳሮን ሶፋው ላይ ተኝታ ስታነብ አገኛት። እግሯን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችለት። ተቀመጠ። «እንዴት ነው?» አላት።

«ያሳዝናል። ልንገርህ ወይስ ራስህ ታነበዋለህ?»

ነጋሳ ጫማውን አወለቀ።

«እስከ መጨረሻው ራሴ አነበዋለሁ» አለ።