የጓሮ ክፍሉ መስመር

ሀሊሜ ባሏ ከሞተ በኋላ ቡታጅራ ገበያ በርበሬ እየነገደች አንድ ልጇን ሙባሪክን ያሳደገች ሴት ናት። ብክነት አትወድም። ሰው በሌለበት ክፍል አምፖል በርቶ ካየች ተነስታ ሳታጠፋ አትቀመጥም። ሙባሪክ አዲስ አበባ ሚኒባስ መንዳት ጀምሮ የእንሴኖዋን ሰልሚያን ሲያገባ ጓሮ ያለችውን ክፍል ሰጠቻቸው። እሱም ከዋናው ቤት ገመድ ስቦ፣ መሬት ውስጥ ቀብሮ መብራት አስገባላት።

የመብራቱ ሂሳብ መናር የጀመረው ሰልሚያ ሀቢቡን የወለደች ሰሞን ነው። ሀሊሜ ልትከፍል ሄዳ ስትሰማ ተሳስተው መስሏት አስደግማ ጠየቀች። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ባሰ። አራስ ቤት ውስጥ ውሃ ይሞቃል፣ ገንፎ ይገነፋል፤ ስቶቩ ቀኑን ሙሉ ሳይበራ አይቀርም ብላ አሰበች። ለሰልሚያ ነገረቻት። ሰልሚያም ከበፊቱ የተለየ እንዳልተጠቀመች ምላ መለሰች።

ሀሊሜ አላመነችም። ስቶቩን ወስዳ መኝታ ቤቷ ቆለፈችበት። ሰልሚያ ልጇን አዝላ በከሰል መሥራት ጀመረች። ሂሳቡ ግን አልቀነሰም። ይሄኔ ሀሊሜ ሌላ የተደበቀ ስቶቭ አለ፣ መብራቴን እየሰረቀችኝ ነው አለች። አንድ ቀን ሰልሚያ ልጁን ልታስከትብ ጤና ጣቢያ በሄደችበት ጎረቤቷን ዘይባን ይዛ ክፍሉን በረበረች። አልጋው ሥር ገቡ፣ የልጁን ልብስ ሳይቀር አገላበጡ። ምንም አላገኙም። ሰልሚያ ስትመለስ ልብሱ ወለሉ ላይ እንደተበተነ ነበር።

ሙባሪክ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሁለቱም ነገሩት። ደክሞት ነበር። ሚስቱን፣ «እናቴን አታስቀይሚያት» ብሎ ተኛ። ሰልሚያን ከብርበራው ይልቅ ይህ ሳይጎዳት አልቀረም፤ ሰኞ ጠዋት ልጇን ይዛ እንሴኖ ወላጆቿ ቤት ገባች።

ሽማግሌዎች ተላኩ። ሰልሚያ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«እመለሳለሁ። ግን እሳቸው ራሳቸው አልሰረቀችም ይበሉልኝ።»

ሀሊሜ ይህን ሲነግሯት ፊቷን አዞረች። ቆጣሪው አይዋሽም አለች። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ አልሄዱም። ከወራት በኋላ ኒካው ፈረሰ፤ ሰልሚያም ዓመት ቆይታ እዚያው እንሴኖ ሌላ ሰው አገባች። ሙባሪክ አዲስ አበባ ቤት ተከራየ፤ ጓሮ ያለችው ክፍል ተቆለፈች።

በበጋው ሂሳቡ ቀነስ ብሎላት ነበር፤ ክፍሏ ባዶ ሆና የመጣው ክረምት ላይ ግን ከመቼውም በላይ ሆኖ መጣ። ሀሊሜ ቤቷን ዞራ አየች። ያላት ጥቂት አምፖልና አንድ ቴሌቪዥን ነው። ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

በማግስቱ ሸዋንግዛው የሚባል ኤሌክትሪሻን አስመጣች። ሸዋንግዛው ቤት ውስጥ የተሰካውን ሁሉ ነቀለ፣ አምፖሎቹን አጠፋ፣ ከዚያ ቆጣሪው ፊት ቆመ። የቆጣሪው ቀይ መብራት አሁንም ብልጭ ድርግም ይላል፤ እየቆጠረ ነው ማለት ነው። ወደ ጓሮ የሚሄደውን መስመር ሲፈታው ብልጭታው ቆመ። መልሶ ሲያስረው እንደገና ጀመረ። መስመሩን ፈትቶ የገመዱን መንገድ ተከትሎ መቆፈር ያዘ። እንሰቱ ሥር ሲደርስ ገመዱ ልጣጩ ተገሽልጦ መዳቡ እርጥብ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ።

«ማንም አልተጠቀመበትም እትዬ ሀሊሜ» አላት። «መሬት ነው ሲጠጣው የኖረው። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሰው አለመያዙ ትልቅ ነገር ነው።»

ምን እንደላጠው ጠየቀችው። አይጥም ሊሆን ይችላል፣ ዶማም ሊሆን ይችላል አለ። እዚያ እንሰት ሥር ከእሷ ሌላ ዶማ ይዞ የቆፈረ ሰው የለም። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጭ አለች። ሸዋንግዛው አዲስ ገመድ በፕላስቲክ ቱቦ ልዘርጋ ወይ ሲላት፣ እዚያ የሚያበራ ሰው የለም አለችው።

ለሙባሪክ ደወለችለት። ሰማትና መንገድ ላይ ነኝ ብሎ ዘጋው።

በገበያ ቀን እንሴኖ ሄደች። ሰልሚያ ሽንኩርትና ጎመን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ እርጉዝ ናት። ስታያት ተነሳች፣ ሰላምታ ሰጠች፣ የተቀመጠችበትንም በርጩማ ለቀቀችላት። ሀሊሜ ግን አልተቀመጠችም። ገመዱን፣ ቆጣሪውን፣ አፈሩን አንድ በአንድ ነገረቻት። መጨረሻ ላይ፣ «አልሰረቅሽም፤ አፉ በይኝ ልጄ» አለቻት።

ሰልሚያ አንድ የጎመን እስር አንስታ ቅጠሎቹን ስታስተካክል ቆየች።

«እኔማ አውቀው ነበር እኮ» አለች በመጨረሻ። «አፉ ብያለሁ። ግን አሁን ምን ያደርግልኛል?»

ሀቢቡ ከእናቱ ኋላ ቆሞ ያያታል። እጇን ዘረጋችለት። የእናቱን ቀሚስ ጨብጦ ፊቱን ደበቀ፤ ሰልሚያም ሂድ አላለችውም፣ አትሂድም አላለችው። ገዢ መጣና ሽንኩርት ማስመዘን ጀመረ። ሀሊሜ ትንሽ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቡታጅራ ወደሚመልሳት መኪና ሄደች።