እናቴን በመቀመጫዋ ያወቅኩባቸው ሁለት ወራት

መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። የተቃጠለ ጎማ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ኤረር በር አካባቢ ባለው ቤታችን ግቢ ልብስ እያሰጣሁ። ጎረቤት ድረስ ሄጄ «ምንድን ነው የምታቃጥሉት?» ብዬ ተጣላሁ። ማንም ምንም አላቃጠለም። በማግስቱም ሸተተኝ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳትና ራስ ምታት ተጨመረበት። ተወልጄ ባደግኩበት ቤት መታጠቢያው በየት በኩል ነው ብዬ ጠየቅኩ አሉ። ከዚያ ወደቅኩ። አንቀጠቀጠኝ። የቀረውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው።

ሆስፒታል ከጀርባዬ ፈሳሽ ወስደው መረመሩ። ሐኪሙ ኋላ «ኢንሴፋላይትስ ነው፤ ቫይረስ አንጎልሽን አስቆጥቶታል» አለኝ። አሲክሎቪር የሚባል መድኃኒት ሦስት ሳምንት በደም ሥሬ ተሰጠኝ።

ስነቃ አንዲት ሴት እጄን ይዛ ነበር።

«ሲስተር፣ እናቴ የት ሄደች?» አልኳት።

ሴትዮዋ አለቀሰች። ልቅሶዋን አወቅኩት። እናቴ ነበረች።

ነርሶቹ «ትኩሳቱ ነው» አሏት። እኔም «ትኩሳቱ ነው» አልኩ። ዋሸሁ። ትኩሳቱ ከወረደ ቆይቶ ነበር። ፊቷን አየሁት። አፍንጫ አለ። ዓይን አለ። አፍ አለ። ሲደመር ግን ሰው አይወጣውም።

አልተናገርኩም። እናቱን ያላወቀ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ። አብዳለች ይሉኛል፣ ወይ ጂን ይዟታል። ከዚያ በላይ ደግሞ እናቴ ሁለተኛ ስታለቅስ ማየት አልፈለግኩም።

ቤት ስገባ የሚያድነኝ ነገር አገኘሁ። ቤታችን የድሮ የሐረሪ ቤት ነው። ሳሎኑ ውስጥ ነደባ የምንላቸው፣ አንዱ ካንዱ ከፍ የሚሉ መደቦች አሉት፤ ሰው ሁሉ እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ቦታ አለው። ከላይ የተቀመጠው አባቴ ነው። ከሱ ዝቅ ብላ፣ በትልቁ ነደባ ጫፍ ግድግዳውን የተደገፈችው እናቴ ናት። ፊት ማየት ለምኔ? መቀመጫ አያለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ማንም አልነቃብኝም። እንዲያውም «ማሻአላህ፣ ልጅቷ ድና የለም እንዴ!» ይሉ ነበር። ውጪ ግን አልወጣም። ሸዋ በር ገበያ ውስጥ ሰው የተመደበ ቦታ የለውም።

ከዚያ የእናቴ አፎቻ ሴቶች፣ ለሐዘንም ለደስታም የሚሰባሰቡት ማኅበርተኞቿ፣ እንኳን ማረሽ ሊሉኝ መጡ። ቤቱ ሞላ። ጭንቅላቴ ዞረ። ሄጄ እናቴ ጭን ላይ ተጋደምኩና በጆሮዋ፣ «እማ፣ እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚሄዱልን? አዴ ዘይነባ እንደሆኑ አንዴ ከተቀመጡ በክሬንም አይነሱ» አልኳት።



ከበሩ በኩል የእናቴ ድምፅ መጣ። «አንቺ ልጅ! ምን እያልሽ ነው?»

ድምፁ ከዚያ ነው። ጭኑ እዚህ ነው። የማን ነው?

የአዴ ዘይነባ ነበር። የአፎቻው ታላቅ ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እናቴ ቦታዋን ለቃላቸዋለች።

«እውነቷን ነው» አሉ አዴ ዘይነባ ጮክ ብለው። «በዚህ ጉልበቴ ክሬኑን ብትጠሩልኝ ደስ ይለኛል።» ሴቶቹ ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። አገጬን ያዙ። «እኔ ማነኝ?»

«አዴ ዘይነባ።»

«አሁን በድምፄ አወቅሽ። ከመናገሬ በፊትስ?»

ወደ በሩ ዞርኩ፣ ወደ እናቴ ድምፅ።

«ብልግና አይደለም» አሏት እናቴን። «ይህች ልጅ አላየችኝም።»

እናቴ መጥታ ፊቴ ቆመች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሆስፒታል።»

«እኔንም?»

«አንቺንም።»

ወጥታ ሄደች።

በነጋታው ግን ጫማዬን አቀረበችልኝ። ከዚያ በኋላ ያላማከርነው ሰው የለም። የዓይን ሐኪሙ እስከ መጨረሻው መስመር ፊደል አስነበበኝና «ዓይንሽ ከእኔ ዓይን ይሻላል» አለኝ። ሼኩ ቁርኣን ቀሩብኝና «መድኃኒቱንም እንዳትተዪ» አሉኝ። የነርቭ ሐኪሟ የአንጎሌን ምስል፣ ኤምአርአዩን፣ አንሥታ ከቀኝ ጆሮዬ በላይ ያለውን ጠባሳ አሳየችኝ። «ዓይን ያያል፤ ማን እንደሆነ የሚነግርሽ ይሄ የተጎዳው ቦታ ነው። ፊት መለየት ሲያቅት ፕሮሶፓግኖዥያ ይባላል» አለች። ሳይኮሎጂስቱ ፎቶ ደረደረልኝ። አንዷን «ይቺ የተኮሳተረች ደግሞ ማን ናት?» አልኩት። እኔው ነበርኩ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ በባዮሎጂ የተማርነው ዓይን እንደ ካሜራ ነው የሚል ነበር። አሁን ሁሉም የየራሱን ነገረኝና ጭራሽ ግራ ገባኝ። ሳይኮሎጂስቱ ማየትን የሐኪሙም፣ የሥነ ልቦናውም፣ የፍልስፍናውም፣ የሥዕሉም ሰው እንደሚያጠናው ሲነግረኝ፣ «ለአንድ ማየት ይሄ ሁሉ ሰው?» አልኩት።

«ያልጨረስነው ለዚህ ነዋ» አለኝ።

ተናደድኩ፤ ግን ቢያንስ አልዋሸኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነው፤ ማንቀጥቀጡ እንዳይመለስ ካርባማዜፒኔን ጠዋትና ማታ እየዋጥኩ፣ አባቴን በሳሉ፣ አዴ ዘይነባን በሚጎትቱት እግራቸው፣ ጓደኞቼን በሳቃቸውና በትከሻቸው መለየትን እንደ አዲስ ቋንቋ ተማርኩ፣ እየተሳሳትኩና እየተሳቀብኝ፣ አንዳንዴም እየተሳደብኩ። ሽታው አልተመለሰም። ፊት ግን እስካሁን አልተመለሰልኝም፤ ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ ሐኪምም አላገኘሁም።

አልሐምዱሊላህ፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ሦስት ሳምንት መርፌ ላልሰለቻቸው ነርሶች፣ ተሰድበው ለዳኙኝ አዴ ዘይነባ አላህ ጀዛቸውን ይክፈል። ይህን የምታነቡ፦ ሌላው የማይሸተው ሽታ ከትኩሳት ጋር ከመጣባችሁ ነገ አትበሉ፣ ሐኪም ቤት ሂዱ። ሰው መለየት ካቃታችሁ እንደ እኔ አትደብቁ፤ ሁለት ወር በከንቱ አቃጠልኩ። «ማን ልበል?» ማለት አያሳፍርም። አስታማሚዎች ደግሞ «እስቲ እኔ ማነኝ?» እያላችሁ አትፈትኑን። ስማችሁን ተናገሩ፣ በቃ።

ባለፈው ሳምንት ሸዋ በር፣ ታክሲ መያዣው ጋ፣ ሻሽ ያሰረው ሕዝብ ሁሉ አንድ ሆኖብኝ ቆሜ ነበር። ከመሀል አንዲት ሴት እጇን ሰቅላ «እናትሽ ነኝ! እዚህ ነኝ!» ብላ ጮኸች። ረዳቱ ሳቀ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እሷ ግን እስክደርስ ድረስ እጇን አላወረደችም።