ወደ ኋላ የወጣነው ዳገት

ልጅ እያለሁ በረዶ የምንለምነው ነገር ነበር። እዚህ አትላንታ ያደግን የሐበሻ ልጆች ሁላችንም የምናስታውሰው ይመስለኛል፤ አስተማሪያችን "ነገ በረዶ ሊጥል ይችላል" ካለችን፣ ማታ ፒጃማችንን ገልብጠን እንለብስና ከትራሳችን ሥር ማንኪያ ሸጉጠን እንተኛለን። እንዲህ ያደረገ ልጅ ጠዋት ሲነሳ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ያገኛል ይባል ነበር። እናቴ አንሶላ ስትቀይር ማንኪያውን ታገኘውና፣ "ደግሞ ይሄ የምን ጥንቆላ ነው? ዕቃዬን መልሱ!" ትለናለች። በረዶው በእርግጥ ከመጣ ጓንት ስለሌለን ካልሲ እጃችን ላይ አጥልቀን እንወጣለን። የልብስ ማጠራቀሚያ ሳጥን ክዳን ላይ ተቀምጠን ቁልቁል እንንሸራተታለን። የረጠበው ካልሲ ማሞቂያው ላይ ሲደርቅ የሚያመጣው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ።

ለመንሸራተት የእኛን ቤት የሚያህል አልነበረም። ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለችው ሎረንስቪል ውስጥ፣ ከአንድ ረጅም ዳገት ግርጌ ነበር የምንኖረው። ወደ ዋናው መንገድ የሚያስወጣው እሱ ብቻ ነው፤ ከጫፉ ላይ፣ መታጠፊያው ጋ፣ ትንሽ የእሳት አደጋ ጣቢያ አለች። በደህናው ቀን መኪናችን ያንን ዳገት እንደ ቀልድ ነበር የሚወጣው።

ዐሥር ዓመት በሆነኝ ክረምት የመጣው ግን የምንለምነው ዓይነት በረዶ አልነበረም። ዝናብ ሆኖ ይወርድና የነካው ነገር ላይ ሁሉ ይረጋል። ጠዋት ስነሳ ሣሩ፣ የመኪናው በር፣ የፖስታ ሳጥኑ፣ ሁሉም በብርጭቆ የተለበጠ መስሎ ነበር። የጥድ ቅርንጫፎች ክብደቱን መሸከም እያቃታቸው እንደ ጥይት እየጮኹ ይሰበራሉ። ከመካከላቸው አንዱ የኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ወደቀና ቤታችን ጸጥ አለ። ማሞቂያው ቆመ፤ ማቀዝቀዣው ማጓራቱን ተወ። አባቴ ኮንየርስ በሚገኝ መጋዘን ነበር የሚሠራው፤ ከትናንት ወዲያ ለሥራ እንደወጣ መንገድ ተዘግቶበት እዚያው ቀርቶ ነበር።

ወንድሜ ናቲ አምስት ዓመቱ ነው፤ አስም አለበት። ብርድ ሲመታው መድኃኒቱን እንደ እንፋሎት እያደረገ የሚያስተነፍሰው ማሽን አለ፤ ማሽኑ ግን ያለ መብራት አይሠራም። የሚነፋውን ፓምፕ ሰጠነው፤ ትንሽ ጋብ አለለትና ብሶ ተመለሰበት። ናቲ በሰላሙ ቀን ለግድግዳውም የሚያወራ ልጅ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት "ውሃ ትፈልጋለህ?" ስንለው በጭንቅላቱ ብቻ መለሰልን። በተነፈሰ ቁጥር ከአንገቱ ሥር ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። እናቴ ሸሚዙን ገልጣ ደረቱን አየችና ቶሎ መልሳ ሸፈነችው፤ እኔ እንዳላይ መሆኑ ነው። አይቼ ነበር።

ወደ 911 የደወልኩት እኔ ነኝ። እናቴ እንግሊዝኛ የሚያንሳት አልነበረም፤ ስትደነግጥ ግን ጥሏት ይሄዳል። እኔ ደግሞ በጣም ዓይነ አፋር ነበርኩ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ሲዘመር አፌን ብቻ ነበር የማንቀሳቅሰው። ስልክ ያነሳችው ሴትዮ "የኔ ማር፣ አልሰማሽም፣ ጮክ በይ" እያለች ደጋግማ አስነገረችኝ። በመጨረሻ የነገረችኝ ይሄ ነበር፤ አምቡላንሶቹ በሙሉ መንገድ ላይ ተይዘዋል፣ መቼ እንደሚደርሱ መናገር አትችልም። የዳገቱ ጫፍ ላይ ካለው ጣቢያም የእሳት አደጋ መኪናው ለሌላ ጥሪ ወጥቷል፤ አንዲት ሠራተኛ ብቻ ቀርታለች፣ ጣቢያውን ትታ መውረድ አትችልም። እዚያ ግን ኦክስጅን አለ፣ ጄኔሬተርም አለ። ልታደርሱት ትችላላችሁ? አለችኝ።

እናቴ መልሱን ሳታስጨርሰኝ ናቲን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ታቅፋው ወጣች። ከበራችን ሳትርቅ ቀዝቃዛው አየር ሲያገኘው ያስለው ጀመር፤ ሳሉ አላስተነፍስ አለው። ወዲያው እግሯ ከዳትና እሱን ወደ ላይ እንዳቀፈችው በጀርባዋ ወደቀች። እዚያው ተኝታ ለአፍታ ሰማዩን አየች። ከዚያ ተነሥታ፣ "በመኪና ነው" አለች።

እናቴ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ጥቂት ወራት ቢሆናት ነው። የምትነዳው ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ብቻ ነበር፤ ሃይዌይ የሚባል ነገር አትወጣም፣ ዝናብ ካካፋም ሰበብ ፈልጋ ቤት ትውላለች። አባቴ ጋ ደውላ ስልኩን ክፍት አድርጋ፣ በእንጨት ማማሰያ የፊት መስታወቱን በረዶ ትፍቅ ጀመር።

"ጤፉን ከኋላ ጫኑት!" ይላል አባቴ፤ ከኮንየርስ ድምፁ ይቆራረጣል። "ከኋላ ክብደት ከሌለው ዳገት አይወጣልሽም! ስሚኝ፣ እኔ የጅማን ጭቃ የወጣሁት በዚህ ነው!"

አባቴ አገር ቤት አይሱዙ ይነዳ ነበር። ስለ መኪና እሱ ያለው ቤታችን ውስጥ እንደ ሕግ ነው። ከሁለት ቤተሰብ ጋር በጅምላ የሚገዛው ጤፍ ጋራዡ ውስጥ ተደርድሯል፤ እናቴና እኔ ጆንያዎቹን እየጎተትን የሚኒቫኑን የኋላ ዕቃ መጫኛ ሞላነው። ናቲን ወንበሩ ላይ አሰርነው። እኔ አጠገቡ ሆኜ እጄን ደረቱ ላይ አደረግኩ፤ የማሞቂያው ነፋስ ስለሚጮህ ትንፋሹን በጆሮ መስማት አይቻልም ነበር።

መኪናው ተነሣ። የዳገቱን መጀመሪያ እየተንገዳገደም ቢሆን ወጣው። ከዚያ ጎማው ባዶውን መሽከርከር ጀመረ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ እኛ ግን ያለንበት ነን። ቀጥሎ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። እናቴ ፍሬን ያዘች። አባቴ በስልክ "ፍሬን እንዳትነኪ!" ሲል እኩል ሆነ። መኪናው በራሱ ጊዜ፣ ዝም ብሎ፣ ቀስ እያለ ዞረ። ዛፉም፣ የጎረቤት ቤትም፣ ቁልቁለቱም በየተራ በመስኮቴ አለፉ። የመንገዱን ጠርዝ ገጭተን ስንቆም አፍንጫችን ወደ ታች፣ ጀርባችን ወደ ዳገቱ ሆኖ ነበር። ስልኩ ተቋርጧል። እናቴ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ፣ "እመቤቴ፣ አንቺ ልጅ ታውቂያለሽ፣ አንቺ ልጅ ታውቂያለሽ" ትላለች። ከእጄ ሥር የናቲ ደረት እንደተያዘች ወፍ ይመታል።

ጋሽ ከድር የደረሱት ያኔ ነው። ከማዶ የሚኖሩ ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው፤ ሽርጣቸው ላይ ወፍራም ጃኬት ደርበው፣ በሣሩ ጠርዝ ጠርዙን እየረገጡ፣ በየእርምጃው "ያ አላህ" እያሉ መጡ። በመስኮት አጎንብሰው ናቲን አዩትና ፊታቸው ተለወጠ።

"የናቲ እናት፣ አዙሪውና እንግፋ።"

"አይዞርልኝም ጋሼ። ካዞርኩት እስከ ታች ነው የሚወስደኝ።" ቀና ብላ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "በሪቨርስ እወጣለሁ።"

"ይሄን ሁሉ ዳገት? በኋላ?"

"ታዲያ ሌላ ምን አለኝ?"

ጋሽ ከድር ዳገቱን ቀና ብለው አዩና፣ "እሱስ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። በይ ሞክሪው!" አሉ።

ሞከረችው። ትንሽ ነቅነቅ አለና ቆመ። ጋሽ ከድር ጎንበስ ብለው ጎማዎቹን አዩ፤ ተነሥተው የኋላውን በር ከፈቱ። "ቆይ፣ ቆይ። የሚሽከረከረው የፊቱ ጎማ ነው። ይሄን ሁሉ ጤፍ ማነው ከኋላ የጫነው?"

"አባታቸው ነው ያለኝ።"

"ሰውዬው አይሱዙ መሰለው እንዴ! አይሱዙ በኋላ እግሩ ነው የሚገፋ፤ ይሄ እኮ በፊት እግሩ ነው የሚስበው! ወደ ፊት አምጡት!"

ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አዛወርናቸው። ከፊት ወንበር ሥርም፣ ከወንበሩ ላይም ከመርናቸው። እናቴ ሞተሩን ስታስነሳ መኪናው ጲጥ፣ ጲጥ፣ ጲጥ ይል ጀመር፤ ሰው ቀበቶ ሳያስር የተቀመጠ መስሎታል። እናቴ በዚያ ጭንቀት መሐል እጇን ዘርግታ ጤፉን ቀበቶ አሰረችው። ማንም አልሳቀም።

የኋላው መስታወት በበረዶ ታውሯል፤ እሱን ለመፋቅ ጊዜ የለም። የጎን ስፖኪዮዎቹም ያው ናቸው። ጋሽ ከድር ወደ መኪናው አፍንጫ ሄደው በሁለት እጃቸው ደገፉት።

"ጋሼ፣ ከፊት ዞር ይበሉልኝ!" አለች እናቴ። "ቢንሸራተትብኝስ?"

"ቢንሸራተት እኔ ላይ ነው፣ አንቺን ምን ቸገረሽ? ንጂ!" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ውረጂ። ከላይ ሆነሽ መንገዱን ንገሪያት። እናትሽ አታይም፣ እኔም አላይም።"

ናቲን ትቼ መውረዱ ከሁሉም የከበደኝ ነገር ነበር። እጄን ከደረቱ ሳነሳ አየኝ፤ አልከለከለኝም፣ የሚከለክልበት ትንፋሽ አልነበረውም። በሣሩ ላይ እየተንፏቀቅኩ ከመኪናው በላይ ወጣሁ። እናቴ መስኮቷን ዝቅ አደረገች፤ መኪናው ተንቀሳቀሰ። "ወደ ግራ" አልኩ። የማን ግራ እንደሆነ ለእኔም ግልጽ አልነበረም።

"ማን ይስማሽ?" አሉ ጋሽ ከድር ከታች። "ድምፅሽን ለማን አስቀመጥሽው? ጩኺ እንጂ!"

በአንድ በኩል ጥዶች ነበሩ፣ በሌላው በኩል የፖስታ ሳጥኖች። "ወደ ዛፉ!" አልኩ። ትንሽ ከፍ አደረግኩት። "ማሚ፣ ወደ ዛፉ! አሁን ወደ ሳጥኑ! ቀጥ! ቀጥ!" ጎረቤቶች በየመስኮታቸው ቆመው ያዩናል፤ በሌላ ቀን ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። መኪናው እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ዳገቱን በጀርባው ይወጣል። ጋሽ ከድር በጉልበታቸው እየወደቁ፣ እየተነሡ፣ እንደገና ይደግፉታል።

ገደል የሚመስለው ቦታ ላይ ስንደርስ ጎማው እንደገና ይሽከረከር ጀመር። መኪናው አልወረደም፣ አልወጣምም፤ ያለበት ይንቀጠቀጣል። እናቴ ወደ ኋላ ዞራ "ናቲ! ናትናኤል!" ስትል ሰማሁ። ከዚያ ደግማ ጠራችው። በጎን መስኮት አየሁት፤ ጭንቅላቱ ወደ ትከሻው ዘምሟል፣ ከንፈሩ የእርሳስ ቀለም ይዟል። እናቴ በሩን ለመክፈት እጇን ሰደደች። ከወረደች መኪናው ከጋሽ ከድር ጋር አብሮ እንደሚሄድ ገባኝ።

ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። "እንዳትወርጂ! ማሚ እንዳትወርጂ! ወደ ዛፉ፣ ቅጠሉ ላይ፣ ወደ ዛፉ!" ከጥዶቹ ሥር የረገፈው ቅጠል በረዶው ላይ ተነጥፎ ነበር። መሪውን ወደዚያ ጠመዘዘች። ጎማው ቅጠሉን ሲያገኝ አንዴ አንሸራተተው፣ ከዚያ ነከሰው። መኪናው ዘሎ ወጣ፣ አላቆመችውም፤ እኔም እየሮጥኩ፣ እየወደቅኩ፣ እየጮኽኩ ዳገቱን ጨረስነው።

የጣቢያው በር ፊት ለፊት ስንደርስ ሠራተኛዋ ጩኸቴን ሰምታ ቦርሳዋን ይዛ እየሮጠች ወጥታ ነበር። ናቲን ውስጥ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አስተኛችው። ጭንብሉ ፊቱን በሙሉ ሸፈነው። እናቴ ጫማዎቹን ታቅፋ ቆማለች፤ መቼ እንዳወለቀችለት እንጃ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። ቀስ እያለ የከንፈሩ ቀለም መጣ፤ ቀጥሎ ዓይኑን ገለጠና ጭንብሉ ውስጥ አንድ ነገር አጉረመረመ። ሴትዮዋ ሳቀችና "የእሳት አደጋ መኪናው የታል እያለ ነው" አለችኝ። ስተረጉምላት እናቴ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች።

ጋሽ ከድር ወገባቸውን ይዘው፣ ሽርጣቸው እስከ ጉልበት ረጥቦ፣ ብዙ ቆይተው ደረሱ። ናቲን አዩት፤ አልሐምዱሊላህ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "አንቺ ዝምተኛ፣ እስከ ማዶ ሰፈር ነው የተሰማሽው" አሉኝ።

ዛሬ እኔ እዚሁ አትላንታ ጥግ፣ ብሩክሄቨን ነው የምኖረው፤ ለሁሉም እለፉ እያልኩ የምነዳ፣ መጠንቀቅ የማበዛ ሰው ወጥቶኛል። በረዶ ሊጥል ነው ከተባለ ከተማው ሁሉ ዳቦና ወተት ለመግዛት ሲሻማ እኔ ሱቅ አልሄድም፤ ስልክ ነው የማነሳው። ናቲ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። እዚያ በረዶ እስከ ጉልበት ድረስ ነው፤ በዚያ በረዶ ላይ የራሱን መኪና እየነዳ ትምህርቱ ይሄዳል፣ በእኛ በአትላንታዎች ፍርሃት ደግሞ ይስቃል። የዚያን ቀን ነገር ብዙም አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው የእሳት አደጋ ጣቢያ መጎብኘቱን ነው። እኛም አልነገርነውም።

ስደውልለት ስለ መምህሩ፣ ስለ ጓደኞቹ፣ ስለ ኳስ ያወራልኛል። እኔ ዝም እላለሁ። "እህቴ፣ አለሽ? አሁንም እንደ ድሮሽ ዝም ነው?" ይለኛል። "እየሰማሁህ ነው" እለዋለሁ፤ እውነቴን ነው። የምሰማው ግን ወሬውን አይደለም። በቃልና በቃል መሐል የሚስበውን አየር ነው። አንድ ረጅም ነገር ጀምሮ ሳያርፍ እስከ መጨረሻው ሲያወራው፣ ስልኩን ከፊቴ ራቅ አድርጌ እኔም እተነፍሳለሁ።