የድንቻችን ፈሰስ

ያን ክረምት የመመረቂያ ጽሑፌን ለመጀመር ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት ተውሼ ኮልፌ፣ ወላጆቼ ቤት ተቀምጬ ነበር። የማነበው ስለ ጥንት ገበሬዎች ነው፤ ደን መንጥረው፣ ቁልቁለቱን አርሰው፣ አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ ሲያልቅባቸው አገራቸውን ጥለው ስለ ሄዱ ሰዎች። አንድ ነገር አልገባኝ አለ። አፈራቸው በዓይናቸው ፊት ሲሄድ እንዴት ዝም አሉ?

ከቤታችን ጀርባ ወደ ወንዙ የሚወርድ ተዳፋት አለ። ቀበሌው አትክልት አልሙ ባለ ጊዜ ለእኛም ከዚያ ላይ ቁራሽ መሬት ደረሰን፤ እናቴ ድንች ተከለችበት። ሁሉ ነገር በወረፋ በሚገኝበት በዚያ ዘመን ትልቁ ተስፋዋ እሱ ነበር።

አባቴ ጎጃም ያደገ ሰው ነው። ዝናቡ ሲጠነክር ዶማውን ይዞ ወጣና በድንቹ መካከል ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ቦይ ቆፈረ። በአገሩ «ፈሰስ» ይሉታል፤ ውሃ ማሳው ላይ እንዳይተኛ ማስወጫ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጎርፉ ቦዩን እስከ ጉልበቴ ድረስ ቦረቦረው። ዳሩ እየተናደ ድንቹ ከነሥሩ ይንጠለጠል ጀመር።

ከአባቴ ጋር ማውራት አፍራለሁ። መጽሐፌን ብብቴ ሥር ይዤ አጠገቡ ትንሽ ቆምኩና፣

«አባባ፣ አፈሩ እየሄደ መሆኑን አይተውታል?» አልኩ።

«ዓይን የለኝም እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «ውሃው ከተኛ ድንቹ ዘንድሮ ይበሰብሳል። አፈሩ የሚያልቀው ገና ስንት ዓመት ቆይቶ!»

ለካ የጥንቶቹም አይተውት ይሆናል። አይተው፣ የዘንድሮውን መርጠው። ያነበብኩትን ቀስ እያልኩ ነገርኩት።

«እና አሁን እዚያ አገር ምን ይበቅላል?»

«ብዙው ቦታ ድንጋይ ነው አሉ።»

ቦዩን ከላይ እስከ ታች አየው።

«አግድም ብናዞረውስ?» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«በይ ተማሪዋ፣ ዶማውን ያዢ።»

አሮጌውን በድንጋይና በቅርንጫፍ ደፈንነው፤ አዲሱን ተዳፋቱን አቋርጠን ቆፈርን። አፈሩ መታጠቡን አቆመ። ከላይ በኩል ግን ውሃ ተኛ።

መስከረም ላይ እናቴ ድንቹን ስታወጣ አንድ የበሰበሰ አፍንጫዬ ሥር አመጣች።

«እንኪ፣ ለጥንት ሰዎችሽ ላኪላቸው!»

አባቴ ግን ቦዩ ዳር ቁጢጥ ብሎ ነበር።

«ለከርሞ ውሃው ቀስ ብሎ እንዲወጣ ጫፉን ትንሽ ዘንበል እናደርገዋለን» አለ። «እስቲ መጽሐፍሽን እዪው፣ ስለ እሱ የሚለው ነገር አለ?»