ማኅተም ያጣው ማመልከቻ

ጋሼ ኃይለአብ በሕይወታቸው ያለ ጉዳይ የመንግሥት ቤት ገብተው አያውቁም። አዲስ አበባ፣ ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ሃያ ሁለት ዓመት ማመልከቻ ሲጽፉ ከባለጉዳይ በቀር ያንን በር የሚያልፍ አላዩም። ስለዚህ ዛሬ በሚኖሩበት በሜልቦርን ከተማ የልጃቸው ልጅ ኑኃሚን፣ "አባባ፣ ሐሙስ ፓርላማ ቡክ አድርጌልሃለሁ" ስትላቸው፣ ቀጠሮ ተያዘልኝ ብለው ተነሡ። ልጅቷ ጉብኝት ማለቷ ነበር። አሮጌ ሕንፃ ማየት ደስ ይላቸዋል ብላ ነው።

ጉዳይ ደግሞ ነበራቸው። ኖርዝ ሜልቦርን የሚኖሩበት የመንግሥት የኪራይ ፎቅ ሊፈርስ ነው የሚል ደብዳቤ ለየቤቱ ደርሷል። ለራሳቸው ግድ የላቸውም፤ ሆፐርስ ክሮሲንግ የሚባል ሰፈር ልጃቸው ቤት አለው። ያንገበገባቸው የጎረቤታቸው የእትዬ እታገኘሁ ነገር ነው። እትዬ እታገኘሁ ዓይናቸው ከጠፋ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ሆኖም ከሊፍቱ እስከ ሱቁ፣ ከሱቁ እስከ ጸሎት ቤታቸው፣ እርምጃ እየቆጠሩ ያለ መሪ ይሄዳሉ። ሌላ ሰፈር ከተወሰዱ ከወንበራቸው አይነሡም። ይህን የማያውቅ ሰው ነው እንግዲህ "ይዘጋጁ" ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው።

ጋሼ ኃይለአብ አራት ቀን ሙሉ ጻፉ። ኅዳጉ በማስመሪያ ተለካ፣ "ጉዳዩ" የሚለው ከሥሩ ተሰመረበት፣ ፊደሉ አንድ በአንድ ተለቀመ። እትዬ እታገኘሁ ከሰፈራቸው ሳይርቁ ቤት እንዲሰጣቸው የሚጠይቅ ነው። ኑኃሚን ወደ እንግሊዝኛ መልሳው ከኋላው በስቴፕለር አያያዘችው። ቅጂው ሁለት ነው፤ አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፣ ሌላው ማኅተምና ቁጥር ተመትቶበት ይመለሳል። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፤ ይህን እሳቸው ያውቁታል። ሐሙስ ጠዋት ሲወጡም ለእትዬ እታገኘሁ፣ ቁጥሩን ይዤልዎት እመለሳለሁ ብለው ነው።

ሕንፃው ሕንፃ ነው፣ አይካድም። ደረጃው ሰፊ፣ ዓምዱ ወፍራም፣ ጣሪያው በወርቅ የተለበጠ። አስጎብኚው ጨዋ ሰው ነበር፤ ወርቁ ስንት ካራት እንደሆነ ሳይቀር አስረዳ። ጋሼ ኃይለአብ ግን በር በሩን ነበር የሚያዩት። መዝገብ ቤቱ የቱ ነው ብለው ኑኃሚንን ሦስት ጊዜ ጠየቁ። በሦስተኛው "ጀስት ኤ ቱር ነው እኮ አባባ፣ ጉብኝት ብቻ" አለች። ሰምተዋታል። ግን እዚህ ድረስ መጥቶ ባዶ እጅ መመለስ አልዋጥላቸው አለ።

አረንጓዴ ወንበር የተደረደረበት አዳራሽ ሲደርሱ ወደፊት ወጡ፣ ጎንበስ ብለው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ለአስጎብኚው ዘረጉ። ኑኃሚን አፍራ እየተንተባተበች አስረዳች። ሰውየው አቤቱታ በዚህ መንገድ እንደማይገባ፣ በአንድ የምክር ቤት አባል በኩል መቅረብ እንዳለበት፣ ዝርዝሩ ዌብሳይት ላይ እንደሚገኝ በትሕትና ነገራቸው። ይህን ሲናገር ዓይኑን ከወረቀቱ አልነቀለም። እንዴት ያለ ውብ ጽሑፍ ነው፣ የየት አገር ፊደል ነው አለ። አንዲት ጎብኚ ፎቶ ላንሳው ብላ ፈቃድ ጠየቀች። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሁሉም ፈገግ እያለ የፊተኛውን ገጽ ብቻ ያያል።

የጋሼ ኃይለአብ ደም ፈላ። "ያንብቡት እንጂ" አሉ በአማርኛ።

ኑኃሚን "ሂ ሴይስ ታንክ ዩ" ብላ ተረጎመች።

"ታንክ ዩ አላልኩም።" ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። "ሰው አለበት በያቸው። ውስጡ ሰው አለበት።"

ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ቃሉን እንዳለ ተረጎመችው። አስጎብኚው ደነገጠ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ወረቀቱን በክብር መለሰ፤ ወዲያው ሰዓቱን አየ። ሌላ ቡድን በር ላይ ቆሟል።

በትራም ሲመለሱ በሰውየው ተናደዱ፣ በወርቁ ተናደዱ፣ ምንም ባላጠፋችው ልጅ ተናደዱ። ፌርማታው ሲቃረብ ንዴቱ ዞሮ እሳቸው ላይ አረፈ። ልደታ ስንቷን መበለት፣ ጉዳይዋ እንደማይሆን እያወቁ "ይታያል" ብለው ሸኝተዋል። እየጻፉላትም የገዛ እጃቸውን ጽሕፈት ሲያደንቁ ነበር።

እትዬ እታገኘሁ የእግራቸውን ኮቴ ለይተው በሩን ከፍተው ቆመዋል።

"ቁጥሩን ሰጡዎት?"

"ይታያል ብለዋል" የሚለው ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጡት። "አልተቀበሉኝም። ጽሑፍህ ያምራል አሉኝ።"

እትዬ እታገኘሁ እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ተቀበሉና ቀስ ብለው በጣታቸው ዳበሱት።

"ሲያነቡት ምን አሉ?"

"አላነበቡትም" አሉ ጋሼ ኃይለአብ። "ገጹን የገለጠ አንድ ሰው አልነበረም።"